ካርባይን፦ ከጽሕፈት መኪና ፋብሪካ ወደ ወሎ፣ ከወሎ ወደ ሰብሳቢ መደርደሪያ

ወሎ ውስጥ የጠመንጃ ስም እንግዳ አይደለም። ምንሽር፣ አልቤን፣ ውጅግራ፣ በልጅግ እያለ የሚሸልል አዛውንት ደሴ ላይ ዛሬም አይጠፋም። ለካርባይን ሲሸለል ግን ብዙም አልሰማሁም። አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ ለዓይንም አይሞላም። ባሕር ማዶ ያሉ ሰብሳቢዎች ግን ይህንኑ ትንሽ ጠመንጃ በጉጉት ይፈልጉታል።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ ያረጁ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ቆይተዋል። ማውዘር አለ። የጣሊያኑ ካርካኖ አለ። ከእሱ የሚቀድመው ቬተርሊም አለ። የአሜሪካኑ ኤም ዋን ካርባይንም ከእነሱ ጋር ወጥቷል። ወሬው ደሴ ሲደርስ ግን መልኩን ቀየረ። ፒያሳ ቡና ይዘው የሚቀመጡ ልጆች «የድሮ ካርባይን በሚሊዮን ይሸጣል አሉ» ይላሉ። የሰማው ሁሉ አያቱ ቤት የተሸጎጠ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ይህ ወሬ ሰውን እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሰብሳቢው የሚከፍለው ለብረቱ አይደለም። ብረቱ ላይ ለተመታው ማኅተም፣ ለቁጥሩ፣ ጠመንጃው ላለፈበት መንገድ ነው የሚከፍለው። ከዚያ መንገድ ግማሹ ያለው እኛ አገር ነው። እሱን ደግሞ እስካሁን በወጉ የመዘገበው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

(ስለ ውጭ አገር በማወራበት ቦታ ሁሉ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እያልኩ እለያለሁ።)

ግማሽ አውቶማቲክ ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠመንጃ በአተኳኮሱ በሦስት ይከፈላል ብንል ለዛሬ ይበቃናል። ምንሽርና ማውዘር በእጅ የሚሠሩ ናቸው። አንድ ጥይት ከተኮስክ በኋላ ማቀባበያውን በእጅህ ስበህ ቀለሁን ታስወጣለህ፤ መልሰህ ስትገፋው ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል። በየተኩሱ እንዲሁ ነው። ክላሽ ደግሞ ከፈለግህ ቃታውን ይዘህ እስከቆየህ ድረስ ያለማቋረጥ ይተኩሳል።

ካርባይን መሀል ላይ ነው። አንዴ ካቀባበልከው በኋላ ቀለህ ማስወጣቱንም አዲስ ጥይት ማጉረሱንም ራሱ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ጥይት ግን ቃታውን እንደገና መሳብ አለብህ። አንድ ስበት፣ አንድ ጥይት። ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጉልበቱን ከየት ያመጣል? ከባሩዱ ነው። ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ ሲሮጥ ከኋላው የሚገፋው ጋዝ አለ። ከዚያ ጋዝ ትንሹ በአንዲት ቀዳዳ በኩል ወደ ታች ይወርድና ፒስተን የሚባለውን ትንሽ ተንቀሳቃሽ ብረት ይመታል። የካርባይኑ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በሌሎች ብዙ ጠመንጃዎች ፒስተኑ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ሌላውንም ብረት እየገፋ አብሮት ይጓዛል። የካርባይኑ ፒስተን የሚንቀሳቀሰው ግን ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ከረምቡላ ያየ ሰው ይገባዋል። አንዱ ኳስ ሌላውን ሲገጨው ራሱ ይቆማል፤ ሩጫውን የሚቀጥለው የተገጨው ነው። ፒስተኑም እንደዚያው ነው። መትቶ ይቆማል፤ የተመታው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ሄዶ ሥራውን ይጨርሳል። በዚህ ምክንያት ጠመንጃው አጭርና ቀላል ሆኖ ሊሠራ ቻለ።

ይህን አጭር ፒስተን ያፈለቀው ዴቪድ ማርሻል ዊሊያምስ የሚባል የኖርዝ ካሮላይና ሰው ነው። ታሪኩ ለማመን ይከብዳል። በ1921 አንድ የሕግ አስከባሪ በመግደል ተከሶ እስር ቤት ገባ። የእስር ቤቱ ኃላፊ በዎርክሾፑ እንዲሠራ ፈቀደለት። የጠመንጃ ሐሳቦቹንም እዚያው እያለ ማብሰል ጀመረ። በ1929 ተለቀቀ፤ ኋላም ዊንቸስተር ኩባንያ ቀጠረው። «ካርባይንን ብቻውን ሠራው» የሚለው ግን ተረት ነው። ካርባይኑን የሠራው የዊንቸስተር የመሐንዲሶች ቡድን ነው፤ የእሱ ድርሻ ፒስተኑ ነው።

ለማን ተሠራ?

የአሜሪካ ጦር ይህን ጠመንጃ የተቀበለው በ1941 ነው። ግንባር ቀደም ለሚዋጋው እግረኛ ታስቦ አልነበረም። ያ እግረኛ ኤም ዋን ጋራንድ ነበረው፤ 4.3 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ስምንት ጥይት የሚጎርስ፣ እሱም ግማሽ አውቶማቲክ የሆነ ከባድ መሣሪያ። ካርባይኑ የታሰበው ለሾፌሩ፣ ለወጥ ቤቱ፣ ለሬዲዮ ሠራተኛው፣ ለመድፈኛው፣ ለመኮንኑ ነው። እነዚህ ሰዎች እጃቸው በሌላ ሥራ የተያዘ ነው። ሽጉጥ ይያዙ ቢባል በሽጉጥ ዒላማ መምታት ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ጋራንድ ይሸከሙ ቢባል ሥራቸውን አይሠሩም። ስለዚህ 2.4 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ 15 ጥይት በካዝና የሚይዝ ጠመንጃ ተሰጣቸው።

ሁለቱም ኤም ዋን መባላቸው እኛም ዘንድ ብዙ ሰው ያደናግራል። ጋራንድና ካርባይን የተለያዩ ጠመንጃዎች ናቸው። ጥይታቸው አይገጥምም፣ አንድም ዋና ክፍል አይጋሩም። የካርባይኑ ጥይት 7.62 በ33 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጋራንዱ 7.62 በ63። ቁጥሩ እንደሚያሳየው ስፋታቸው አንድ ነው፣ ርዝመታቸው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። አንዱን ለሌላው ለማጉረስ የሞከረ ሰው ጠመንጃውንም ራሱንም ይጎዳል።

አሁን ሰብሳቢዎች ወደሚወዱት ነገር እንምጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም የአሜሪካ መንግሥት ሚሊዮኖች ካርባይን ፈለገ። አብዛኞቹ የጠመንጃ ፋብሪካዎች በሌላ ሥራ ተጠምደው ነበር። ስለዚህ በሕይወታቸው ጠመንጃ ሠርተው የማያውቁ ድርጅቶች ሳይቀሩ ሥራው ተሰጣቸው። አንደርውድ የጽሕፈት መኪና የሚሠራ ነበር። አይቢኤም የቢሮ ማሽን ነበር የሚሠራው። ሮክ-ኦላ ደግሞ በየቡና ቤቱ ሳንቲም ሲጎርስ ዘፈን የሚያጫውተውን ሳጥን ይሠራ ነበር። ናሽናል ፖስታል ሜትር የፖስታ ቴምብር መምቻ ማሽን አምራች ነው። ኢንላንድ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ነው፤ ሥራውን የጀመረው በመኪና መሪ ነው። ሳጊኖም የዚያው የጄኔራል ሞተርስ ቤተሰብ ነው። ኧርዊን-ፒደርሰን የሚባለውን ያቋቋመው የቤት ዕቃ ሠሪ ነበር፤ የሠራቸውን ጠመንጃዎች ጦሩ አልቀበልም ስላለ ፋብሪካው ለሳጊኖ ተላልፎ ተሰጠ። ስታንዳርድ ፕሮዳክትስና ኳሊቲ ሃርድዌርም ነበሩበት። ዊንቸስተርን ጨምሮ አሥር ዋና አምራቾች ማለት ነው። ከጠመንጃ ሥራ የመጣው ዊንቸስተር ብቻ ነበር።

ሁሉም በድምሩ ከ6 ሚሊዮን በላይ ካርባይን ሠሩ። ኢንላንድ ብቻውን 2.6 ሚሊዮን ገደማ ሠራ። ሮክ-ኦላ ግን 228 ሺህ ገደማ ነው ያወጣው። ልዩነቱ ዛሬ ዋጋ ላይ በግልጽ ይታያል። ኢንላንድ የሚል ካርባይን በብዛት ይገኛል፤ ሮክ-ኦላ የሚል ግን ሰብሳቢውን ያስደነግጠዋል። ኧርዊን-ፒደርሰን የሚል ከተገኘማ ከሁሉም ይበልጣል። ለተኳሹ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ እኩል ይተኩሳሉ፣ እኩል ይመታሉ። ልዩነቱ ያለው ስሙ ላይ ብቻ ነው።

ወደ እኛ እንዴት መጣ?

የወሎን መሬት ስታስቡት የጠመንጃ ንብርብር ነው። ንጉሥ ሚካኤል፣ ያኔ ራስ፣ የወሎን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘምተዋል። ዓድዋ ላይ ከጣሊያን የተማረከው ቬተርሊ በየአውራጃው ተበትኗል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ንጉሡ መትረየስ ላይ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአርበኞች ጋር ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ ገባ፤ በሺህ የሚቆጠር የጣሊያን ወታደርም ተማረከ። የጣሊያን ካርካኖ በወሎ ገጠር እንዲህ የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው።

ካርባይን ግን የመጣው በሌላ በር ነው። መነሻው ኮሪያ ናት። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ኮሪያ ሄደ። ስሙ ከልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው የተወሰደ ነው። ሻለቃው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ ተዋጋ። መሣሪያውም የአሜሪካ ነበር፤ ጋራንድ፣ ካርባይን፣ መትረየስ። ከመቶ ሃያ በላይ ሰው ሞተ፣ ከአምስት መቶ በላይ ቆሰለ። አንድም ወታደር ሳይማረክ ተመለሱ። ከዘመቱት መካከል የወሎ ልጆች ነበሩ። ደሴና አካባቢዋ አባቱ ወይም አያቱ ኮሪያ ዘምቶ የነበረ ሰው ዛሬም ይገኛል።

ኮሪያ ላይ ካርባይኑ የተደባለቀ ስም አተረፈ። ቀላልነቱ ተወደደ። ጥይቱ ግን ትንሽ ነው፤ በሰከንድ 600 ሜትር ገደማ ነው የሚወጣው። ውጤታማ የሚባለውም እስከ 275 ሜትር አካባቢ ድረስ ነው። በዚያ ላይ የኮሪያ ክረምት አለ። ብርዱ ዘይቱን ያጠነክረዋል፣ ማሽኑም ይያዛል። ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች በዚህ አማርረዋል። እኔ ጥፋቱን ሁሉ ጠመንጃው ላይ መጣል አይታየኝም። ለወጥ ቤትና ለሾፌር ታስቦ የተሠራ ነገር ተራራ ላይ ዋና መሣሪያ ሲሆን ችግር መፍጠሩ አይቀርም።

በ1953 (ይህም የሚቀጥለውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነት ተፈራረሙ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መሣሪያ በገፍ ገባ። የኢትዮጵያ ጦር በአሜሪካ መሣሪያና በአሜሪካ ሥልጠና ተደራጀ። በ1977 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደርግና አሜሪካ ተለያዩ፤ ሶቪየት ኅብረት ገባች፤ ክላሽ መጣ። የአሜሪካኑ መሣሪያ ከፊሉ ወደ መጋዘን ገባ፣ ከፊሉ በሰው እጅ ቀረ። ጥይቱ እያለቀ ሄደ። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ደግሞ በእኛ አገር ቆጥ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይጣልም። አቧራና ጭስ ጠጥቶ ይኖራል።

ከኢትዮጵያ የወጡት ካርባይኖች አሜሪካ ሲደርሱ ብዙዎቹ የዛጉ፣ እንጨታቸው የተሰነጠቀ፣ አንዳንድ ክፍላቸው የጎደለ ሆነው የተገኙትም ለዚህ ነው። ሰደፉ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ፣ በምስማር የተመታ፣ በቆርቆሮ የተለበጠ አለ። ለንጽህና ለሚጨነቅ ሰብሳቢ ይሄ ጉድለት ነው። ለእኔ ግን አይደለም። አንድ የገጠር አንጥረኛ የተሰበረ ሰደፍ በቆርቆሮ ሲጠግን የጻፈው ታሪክ አለ። ፋብሪካው የማያውቀው ታሪክ ነው።

ሰብሳቢ ምን ያያል?

መጀመሪያ የሚያየው ከኋለኛው አላሚ አካባቢ ያለውን ነው። የአምራቹ ስምና የጠመንጃው ቁጥር እዚያ ተመቷል። ቁጥሩ ለየአምራቹ በምድብ ስለተሰጠ የተሠራበትን ጊዜ በግምት ለማወቅ ይረዳል። ቀጥሎ አፈሙዙ ጫፍ አካባቢ ያለውን ያያል። ብዙ ጊዜ አፈሙዙን የሠራው ድርጅት ስም እዚያ አለ፤ አንዳንዴም ወርና ዓመት ይጨመርበታል። ሰደፉ ላይ የመንግሥት መርማሪዎች ማኅተም አለ። ሰደፉን ቦርቡረው ያወጡት አንድ ክፍተትም አለ። እሱ ውስጥ ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ትገባለች፤ ማንገቻው ዙሪያዋን ተጠምጥሞ በእሷ ይያዛል። ያን ያሰበ ሰው ብልህ ነው፤ ዘይቱም አይጠፋ፣ ማንገቻውም አይወልቅ።

ከዚያ ጥቃቅን ለውጦችን ያያል። መጀመሪያ የተሠሩት አላሚያቸው ሁለት ቦታ ብቻ የሚታጠፍ ቀላል ነገር ነበር። በኋላ የሚስተካከል አላሚ መጣ። መጀመሪያ ሳንጃ መሰኪያ አልነበረም፤ በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ተጨመረ። መጠበቂያው መጀመሪያ በጣት የሚገፋ ቁልፍ ነበር፤ በኋላ የሚዞር ሆነ፤ ወታደር በጥድፊያ የካዝናውን መልቀቂያ ከመጠበቂያው እያሳሳተ ስለተቸገረ ነው። በ1942 የተሠራ ካርባይን ላይ የ1945 ሳንጃ መሰኪያ ካየህ ጠመንጃው ጥገና ቤት ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ። ከጦርነቱ በኋላ አብዛኛው ካርባይን ወደ ግምጃ ቤት ተመልሶ ተፈታ። ክፍሎቹ በየዓይነታቸው ተከመሩ፣ ታደሱ፣ እንደገና ተገጣጠሙ። ማን የማንን ክፍል እንደወሰደ የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉም ክፍል ከሁሉም ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ የአንደርውድ አካል፣ የኢንላንድ አፈሙዝ፣ የዊንቸስተር ቃታ ቤት ያለው ካርባይን የተለመደ ነው። አንዳንድ ሰብሳቢ ሁሉም ክፍል የአንድ አምራች እንዲሆንለት ይፈልጋል። ለዚያም እየፈታ ይለዋውጣል። ችግሩ ግን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሥራ እንዳይቆምባቸው ገና ከጅምሩ ክፍል ይበዳደሩ ነበር። አንድ ወጥ የሆነው ካርባይን አንዳንዴ ኋላ የተቀነባበረ ነው፤ የተደባለቀው ደግሞ እውነተኛው ሊሆን ይችላል።

በእኔ እምነት በታሪክ ዓይን ትልቁ ሰብሳቢ የሚነካካው ሳይሆን እንዳገኘው የሚያስቀምጠው ነው። ከኢትዮጵያ የወጣ ካርባይን ክፍሎቹ ተለውጠው ወደ «ፋብሪካ መልኩ» ሲመለስ የኮሪያውም የወሎውም ዘመን ከላዩ ይፋቃል።

የአፈሙዙ ውስጥ ሌላው ነገር ነው። ጠመዝማዛው ቦይ ደህና ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። እዚህ ላይ ካርባይን ዕድለኛ ነው። የዚያን ዘመን ብዙ ወታደራዊ ጥይቶች ሲተኮሱ ዝገት የሚያመጣ ጨው ይተዋሉ። የአሜሪካ የካርባይን ጥይት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝገት በማያመጣ መለኮሻ ነው የተሠራው። ምክንያቱ ያ አጭር ፒስተን ነው። ወታደሩ ሜዳ ላይ ፈትቶ ሊያጸዳው ስለማይችል ጥይቱ ራሱ ንጹሕ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ከላይ ዝጎ ውስጡ ደህና የሆነ ካርባይን ማግኘት ይቻላል።

በሕግ በኩል

አሜሪካ ውስጥም ነገሩ እንደ ገበያ ዕቃ ልቅ አይደለም። በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ የወታደራዊ ትርፍ ጠመንጃ ከውጭ እንዳይገባ አጠበቀ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ ለሰብሳቢ የሚሆኑት እንዲገቡ በሩ ተከፈተ። ያስገባው ድርጅት ስሙን ብረቱ ላይ መምታት አለበት። ይህን ማኅተም ሰብሳቢዎች አይወዱትም። በ1980ዎቹ ከደቡብ ኮሪያ የተመለሱ ካርባይኖች አፈሙዝ ላይ የተመታው ትልቅና ጥልቅ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያበሳጫቸዋል። የእኛዎቹም የአስገቢያቸውን ማኅተም ተሸክመው ነው የሚሸጡት።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አሜሪካ ለወዳጅ መንግሥት በዕርዳታ የሰጠችው መሣሪያ ያለ እሷ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም። በውሰት የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ንብረቱ አሁንም የራሷ ነው። ደቡብ ኮሪያ ያላትን ጋራንድና ካርባይን ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ልትሸጥ ስትል ለዓመታት ያከራከረው ይኸው ነው። ስለዚህ ሕጋዊው መንገድ በመንግሥትና በመንግሥት፣ ፈቃድ ባለው አስገቢ በኩል ነው። ግለሰብ ከደሴ በሻንጣ የሚልከው ነገር የለም። ያ ኮንትሮባንድ ነው።

ዋጋውስ? ደህና ይዞታ ላይ ያለ ካርባይን አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ብርቅ አምራችና ያልተነካ ከሆነ በብዙ ሺህ ይሄዳል። የዛገና የተሰነጠቀ ከሆነ ከዚያ ይወርዳል። ይሄ ዋጋ እዚያ፣ በሕጋዊ ሱቅ፣ ለሕጋዊ ገዢ ነው። እዚህ «ሚሊዮን አስገኝልሃለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል። ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥ፣ ማዘዋወር ያስቀጣል። «አርጅቷል፣ አይተኩስም፣ የአያቴ ነው» ብሎ ዝም ማለት ሰውን ከተጠያቂነት አያድነውም። ካርባይን ቤቱ ያገኘ ሰው የሚሄደው ወደ ሚመለከተው የጸጥታ አካል ነው። ቢቻል ለብቻው ሳይሆን ከአካባቢ ሽማግሌ ጋር፣ ጠመንጃውን ይዞ ሳይሆን መጀመሪያ በቃል አሳውቆ። በጦርነት ቁስል ባለበት አካባቢ ጠመንጃ ይዞ መንገድ ላይ መታየት ራሱ አደጋ ነው። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍም እንደዚያው ነው።

ብረቱ ሲሄድ ምን ይቀራል?

ደሴ ሙዚየም አላት። ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ስትወድቅ ሙዚየሙ ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። ለዘመናት የተሰበሰበ ነገር በሳምንታት ሲበተን አይተናል። ይህን ሳስብ የምዝገባ ነገር ያንገበግበኛል። የተዘረፈ ዕቃ ቁጥሩና ፎቶው በሌላ ቦታ ተቀምጦ ከሆነ አንድ ቀን የዓለም ጫፍ ላይ ቢገኝ «የእኛ ነው» ማለት ይቻላል። ምዝገባ ከሌለ አፍ የለንም።

ካርባይን ላይ ይሄ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ስላለ። አንድ ቤተሰብ ጠመንጃውን ለመንግሥት ሲያስረክብ ወይም በፈቃድ ሲያስመዘግብ አምስት ነገር በደብተር ቢጽፍ ይበቃል። የአምራቹን ስም፣ ቁጥሩን፣ አፈሙዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ሰደፉ ላይ ያለ ማኅተም ወይም በቢላ የተቀረጸ ስም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን ይዞት እንደነበረ። አጎቴ ኮሪያ ዘምቶ ነበር? ፖሊስ ነበር? ክብር ዘበኛ ነበር? በየትኛው ዓመት፣ ከማን እጅ ተቀበለ? የአምራቾቹን ታሪክ አሜሪካኖቹ በወፍራም መጽሐፍ ጽፈውታል። ይህን ግን ከእኛ በቀር የሚያውቀው የለም። የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል።

አንዳንድ ነገር አታድርጉ ብዬ ልለምን። ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። ቫርኒሽ አትቀቡት። ብረቱን ጥቁር ቀለም አትለቅልቁት። ሙዚየም ይቀበለው ይሆናል ብላችሁ የምታስቡት ጠመንጃ ከሆነ ይህ ሁሉ ይጎዳዋል፤ የመርማሪውን ማኅተምም የአባትን ስምም አብሮ ያጠፋል። ጥይት አለበት የለበትም ለማየትም ራሳችሁ አትሞክሩ። ሃምሳ ዓመት የተቀመጠ ጥይት ጉሮሮው ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። እሱን የሚያየው የሠለጠነ ሰው ነው።

ከአገር ስለወጡትም አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል። ሻጮች የሚሸጡትን ጠመንጃ ፎቶና ቁጥር ለገበያ ያወጣሉ። ሰደፋቸው ላይ አንዳንዴ በአማርኛ የተቀረጸ ስም፣ መስቀል ወይም ቁጥር ይታያል። እዚያ ያሉ ሰብሳቢዎች አያነቡትም፤ ምን እንደሚል እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። አሜሪካ የምትኖሩ የወሎ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ፎቶውን አስቀምጡት፣ ጽሑፉን አንብባችሁ ለሰውየው ንገሩት፣ ቁጥሩንም ከነስሙ ለደሴ ሙዚየም ላኩት።